ቁልፉን ልቀቀው እንጂ!

«ጋሼ፣ እርስዎ እስካሁን ሬዲዮ ይነካካሉ አሉ። ምነው፣ ስልክ ገና አልደረሰዎትም እንዴ?»

«ደርሶኛል ልጄ። የሚደውልልኝ ሁሉ ‹ካርድ ጨርሻለሁ፣ መልሰው ይደውሉ› እያለ ሲያስቸግረኝ ነው ወደ ሬዲዮ የሸሸሁት።»

የተረቡ ሜዳ ጊዛ ነው፤ አርድ ኤል ሊዋ፣ ሐበሻ ከሚበዛባቸው የካይሮ ዙሪያ ሰፈሮች አንዱ፣ አሳንሰር በሌለው ቀይ ጡብ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ የእትዬ ቡና። ጎረምሳው ስልኩን ከእጁ የማይለይ ነው። ጋሼ በወጣትነታቸው የሬዲዮ ኦፕሬተር የነበሩ፣ አዲስ አበባ ሳሉም የአማተር ሬዲዮ፣ ማለትም ለንግድ ሳይሆን ለፍቅሩ የሚሠራ ሬዲዮ፣ ፈቃድ ያወጡ ሰው ናቸው። እኔ መሃላቸው ተቀምጬ የሁለቱንም ቃል እለቅማለሁ፤ የዚህ ዓምድ እንጀራ ይኸው ነው።

ጎረምሳው ሰሞኑን ኢኮሊንክ የሚባል አፕ አውርዷል። ሬዲዮን ከኢንተርኔት ጋር የሚያጋባ ነው። አንዱ በእጅ ሬዲዮው ይናገራል፤ ተራራ ወይም ፎቅ ላይ የተተከለ፣ ሞገድ ተቀብሎ መልሶ የሚያሠራጭ ሪፒተር የሚባል መሣሪያ ይቀበለዋል፤ ከሪፒተሩ ጋር የታሰረ ኮምፒውተር ድምፁን በኢንተርኔት ወደ ሌላ አገር ሪፒተር ይልካል፤ እዚያም ድምፁ ተመልሶ ሞገድ ሆኖ ይወጣል። አሜሪካዊው አማተር ጆናታን ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2002 የሠራው ነው። ከእሱ አምስት ዓመት ቀድሞ፣ በ1997፣ ዴቭ ካሜሮን የሚባል ካናዳዊ ቫንኩቨር ላይ አይ.አር.ኤል.ፒ. የተባለውን መረብ ጀምሮ ነበር። የካሜሮኑ መረብ ኮራ ያለ ነው፤ ሬዲዮ ያልያዘ ሰው አይገባበትም። የቴይለሩ ለስልክና ለኮምፒውተርም በሩን ይከፍታል፤ ግን በሩ ላይ ዘበኛ አቁሟል።

ጎረምሳውን ያበሸቀው ዘበኛው ነው። «አፑ ፈቃድህን አሳይ ይለኛል ጋሼ! በነፃ አውርጄው!»

«ታዲያ ምን ይበልህ? ‹ግቡ ጌታዬ፣ ቡና ተፈልቷል› ይበልህ? ለኢቃማ፣ ለመኖሪያ ፈቃድህ ማሳደሻ፣ ስንት ቀን ተሰልፈህ ኖረህ፣ የሰው አገር ሰማይ ላይ ለመግባት ወረቀት የምትጠየቅ አልመሰለህም?»

እውነታቸውን ነው። በስልክህ የተናገርከው ነገር ስልክ ላይ አይቀርም፤ ማዶ አንድ አንቴና ላይ ወጥቶ የማታውቀው ከተማ መኪና ውስጥ፣ የማታውቀው ሰው ሳሎን ውስጥ ይሰማል። አፑ የአማተር ፈቃድ ማስረጃ አይቶ የጥሪ ምልክትህን ሳያረጋግጥ የማያስገባህም ለዚህ ነው። ግብፅ ደግሞ በነገሩ ቀልድ አታውቅም። እ.ኤ.አ. የ2003 የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ቁጥር 10 የመገናኛ መሣሪያን ከአገሪቱ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ፈቃድ ጋር ያስራል፤ ያለ ፈቃድ የእጅ ሬዲዮ ይዞ ካይሮ አውሮፕላን ማረፊያ የወረደ መንገደኛ ሬዲዮውን እዚያው ትቶ ሊወጣ ይችላል።

«እርስዎስ ታዲያ?» አለ ጎረምሳው፣ ያገኛቸው መስሎት። «ጣሪያው ላይ የዘረጉት ሽቦ ምንድነው? እትዬ ልብስ የምታሰጣበት?»

«የኢትዮጵያ ፈቃዴ ካይሮ ላይ አይሠራም። ስለዚህ እዚህ አዳምጣለሁ እንጂ አልናገርም። ሽቦው የማዳመጫ ነው።»

«ማለትም ሬዲዮ አለኝ እያሉ ዝም ብለው ይኖራሉ?»

«አንተ ሚስት አገባለሁ እያልህ ዝም ብለህ ትኖር የለ?»

እትዬ አቦሉን እየቀዳች ሳቀች። ነጥብ ለጋሼ።

ከዚያ ወደ አነጋገሩ ገቡ። መጀመሪያ የጥሪ ምልክት፣ የባለ ፈቃዱ የአየር ላይ መታወቂያ። ግብፅ በ‹ኤስ ዩ› ትታወቃለች፣ ኢትዮጵያ በ‹ኢ ቲ›። አምስት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ ያለው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ነው፤ በዓለም ላይ ያለ አማተር ኢትዮጵያን በመዝገቡ ላይ ማስፈር ሲፈልግ የሚያሳድደው እሱን ነው። በኢኮሊንክ ዝርዝር ውስጥ ከጥሪ ምልክቱ ኋላ ‹አር› ከተጨመረ ሪፒተር ነው፣ ‹ኤል› ከሆነ ሊንክ፣ በኮከብ ከታጠረ የብዙ ሰው ጉባኤ፣ ምንም ካልተጨመረ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ የተጣደ አንድ ግለሰብ።

«ስሜን ብናገር አይበቃም?» አለ ጎረምሳው።

«ያለ ጥሪ ምልክት የሚናገር ሰው፣ ሌሊት በር አንኳክቶ ‹ማነው?› ሲባል ‹እኔ ነኝ› የሚለው ነው። አንተማ አንተ ነህ፤ አንተ ማነህ?»

ፊደል መጥራትም አለ። ዓለም ‹ኤኮ ታንጎ› ይላል፤ ‹ኢ› እና ‹ቲ› በጩኸት መሃል ከሌላ ፊደል ጋር እንዳይምታቱ። ጎረምሳው ይህን የፈረንጅ ቅብጠት ብሎ ሊተርበው ሲል ጋሼ ቀደሙት፦ «አያትህ ‹ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ› ሲሉ ቅብጠት ነበር? አንተ ነህ ሦስቱንም ‹ሀ› በአንድ ቁልፍ እየጻፍህ ቤተ ክህነትን ያስለቀስህ።»

ቀጥሎ ቁልፉ። የሬዲዮ ቁልፍ ተጭነው ሲናገሩ ብቻ ይሠራል፤ ሲለቁት ይሰማሉ። ጎረምሳው ሲለማመድ እንደተጫነ አፉን ይከፍታል። ሪፒተሩ እስኪነቃ፣ ኮምፒውተሩ መስመሩን እስኪይዝ፣ ማዶ ያለውም ሪፒተር እስኪነሣ ግን ሰከንድ ያህል ያልፋል፤ በዚህች መሃል የተናገርከው ተበልቶ ይቀራል። የፈረንጅ ‹ሄሎ› ቢበላ ምንም አይጎዳም። የእኛ ቋንቋ ግን ክልከላውን ከፊት ነው የሚያስቀምጠው። ‹አትሂድ!› ብለህ ብትጮህና ጫፉ ቢበላ ማዶ የሚሰማው ‹ሂድ!› ነው። ወንድምህ ሻንጣውን ይዞ ቦሌ ይገኛል።

«ስለዚህ ምን ላድርግ?»

«ተጫን። አንድ ብለህ ቁጠር። ከዚያ ተናገር። ስትጨርስም አፍህን ዘግተህ ቁልፉን ልቀቅ፤ የመጨረሻዋን ፊደል ውጠህ አትልቀቅ።»

«ከዚያ ሌላው ወዲያው ይመልስልኛል።»

«ወዲያው አይደለም! እዚህ ላይ ነው ሐበሻ የሚወድቀው።»

ከካይሮ አዲስ አበባ በቀጥታ 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሬዲዮ ሞገድ ይህን መንገድ ለማቋረጥ ከሰከንድ ሺህኛ 8 ያህሉ ይበቃዋል። በኢንተርኔት ሲዞር ግን ድምፁ ተቆራርጦ ይታሸጋል፣ አንዳንዴም በሰርቨር ያልፋል፣ ደርሶ ይጠራቀማል፣ እንደገና ይፈታል፤ ሪፒተሮቹም እያንዳንዳቸው ከተናጋሪው በኋላ ጥቂት ይቆያሉ። ተደምሮ ሰከንድ ሁለት ሰከንድ ይሄዳል። ስለዚህ አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ ሁለት ሦስት ሰከንድ ዝም ማለት ግድ ነው። ዝምታው ለሌላ ሰውም በር ነው፦ ሞተር ብስክሌት ላይ ያለ፣ ደካማ ሬዲዮ የያዘ፣ አደጋ የደረሰበት ሰው በዚያች ክፍተት ጥሪ ምልክቱን ጣል ያደርጋል። ሁለት ወሬኞች አየር ሳይለቁ ከተቀባበሉ ሦስተኛው ቢሞትም አይሰማም። በተያያዘ ሬዲዮ ላይ ካሉት ሥርዓቶች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው ብዬ እኔም እፈርማለሁ።

ጎረምሳው ሁለት ሰከንድ መጠበቅ ከበደው። ጋሼ ይህን ሲያዩ የካይሮን ታሪክ አወጡ።

«አባቶችህ ከካይሮ ጋር የነበራቸው ሊንክ ስንት ይዘገይ እንደነበር ታውቃለህ? ጳጳስ ሲሞት መልእክተኛ ወርቅ ይዞ ካይሮ ይላካል፤ የእስክንድርያው ፓትርያርክ ግብፃዊ መነኩሴ ሾሞ እስኪልክ አገር ሙሉ ያለ ጳጳስ ይቀመጣል። አቡነ አትናቴዎስ እ.ኤ.አ. በ1876 አረፉ። አፄ ዮሐንስ ምላሹን ያገኙት በ1881 ነው። አምስት ዓመት! አንተ ሁለት ሰከንድ አልጠብቅም ትላለህ።»

«ለምን ያን ያህል ዘገየ?»

«መስመሩ ላይ ጩኸት ነበር፤ ጉንደትና ጉራ ላይ ሁለቱ መንግሥታት በመድፍ ያወሩ ነበር። ሲከፈት ግን ንጉሡ አንድ ሳይሆን አራት ጳጳስ አስመጡ።»

«በኋላስ?»

«በኋላማ እ.ኤ.አ. በ1959 እዚሁ ካይሮ አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ፤ የራሳችንን ጣቢያ ተከልን። ከአሥራ ስድስት ክፍለ ዘመን በኋላ እንኳ ‹በደህና ዋሉ፣ ሊንኩን ለቅቄያለሁ› ተብሎ ነው የተለያየው። አንተ ግን ቢፈቀድልህ ወሬህን ስትጨርስ ግንኙነቱን ሳታቋርጥ ስልኩን ኪስህ ትከታለህ።»

የጋሼን ድፍረት አያችሁ? ስለ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጀምረው በስልክ ኪስ ጨረሱ። ነገር ግን የማዶው ሪፒተር ያለ ሥራ ከአንተ ጋር ታስሮ ሲያድር የዚያ ከተማ ሰዎች በራሳቸው መሣሪያ ባይተዋር ይሆናሉ። ሲጨርሱ ‹ልለቅ ነው› ብሎ ተናግሮ መልቀቅ ነው።

ሰላምታ ሌላው ችግራችን ነው። ሪፒተር ሰዓት ቆጣሪ አለው፤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ደቂቃ። አንድ ሰው ሳያቋርጥ ከዚያ በላይ ከተናገረ ዘግቶት ያርፋል። ጎረምሳው ለልምምድ ጋሼን ‹በአየር ላይ› ሰላም አላቸው፦ እንደምን ዋሉ፣ ጤናዎ እንዴት ነው፣ ልጆች፣ ቤተሰብ፣ ያ የጉልበትዎ ሕመም፣ እነ እገሌስ፣ አገር ቤት ሰላም ነው፣ ዝናቡስ። እትዬ ሰዓቷን አይታ «ተዘግቷል» አለችው። «ገና እግዚአብሔር ይመስገን ሳልል?» አለ። «እግዚአብሔር ሪፒተር አያስፈልገውም፤ አንተ ግን አሳጥር» አለችው። ነጥብ ለእትዬ።

እሷ ብታስቀንም፣ ከሁሉ በላይ ያሳቀን የጎረምሳው ማይክሮፎን ነው። አንዳንዱ ሰው ማይክሮፎኑን ድምፅ ሲሰማ በራሱ እንዲከፈት ያደርገዋል፤ ቁልፍ መጫን ታክቶት። ካይሮ ውስጥ ይህን ማድረግ ከተማውን በሙሉ ማሠራጨት ነው። ልክ በዚያች ቅጽበት በጋሪ ላይ ድምፅ ማጉያ የጫነው አሮጌ ዕቃ ገዢ «ሮባቤኪያ! ሮባቤኪያ!» እያለ በመስኮቱ ሥር አለፈ፤ ቱክቱኩም ተከተለው። ጋሼ «አሁን አፑ ቢፈቅድልህ ኖሮ ቶኪዮ ላይ ያሉ ሰዎች አሮጌ ፍሪጅ ይዘው ይወጡ ነበር» አሉት። ራስን መፈተሽ ለሚፈልግ ኢኮሊንክ የማስተጋቢያ ጣቢያ አለው፤ ቁጥሩ 9999 ነው። የተናገርከውን መልሶ ያሰማሃል። ድምፅህ ይፈነዳ እንደሆነ፣ ይርቅ እንደሆነ፣ ከኋላህ ሮባቤኪያ ይኑር እንደሆነ እዚያ ሰምተህ አስተካክለህ ነው ወደ ሰው የሚገባው። ሁለት ጉባኤዎችን እርስ በርስ ማያያዝም ነውር ነው፤ ድምፁ ዞሮ ዞሮ ራሱን እየበላ መረቡን ያንቀዋል።

«አንድ ላይ ብንናገርስ?» አለ ጎረምሳው። «ጉልበት ያለው ያሸንፋል አይደል?»

«ብዙ ጊዜ ማንም አያሸንፍም፤ ሁለታችሁም ትጠፋላችሁ። ማስረጃ ከፈለግህ ወደ ራስህ ሰፈር ተመለስ።»

ከዚያ የነገሩኝን ነገር አጭር ለማድረግ ያዳግታል። ይህችው ካይሮ እ.ኤ.አ. በ1938 የዓለም የሬዲዮ ጉባኤ አስተናግዳለች። በዚያ ጉባኤ አማተሮች ይዘውት ከነበረው የ40 ሜትር ሞገድ ላይ ከ7,200 እስከ 7,300 ኪሎኸርዝ ያለው ከአሜሪካ አህጉር ውጭ ለብሮድካስት ጣቢያዎችም ተከፈተ። አማተሮች ያን ጊዜ አንገታቸውን ደፉ። ዛሬ በእኛ በኩል ከ7,000 እስከ 7,200 ያለው የአማተሮች ነው ተብሎ ተጽፏል። ተጽፏል እንጂ! ከአስመራ የሚሠራጨው ሬዲዮ 7,140 እና 7,180 አካባቢ ሲናገር፣ ከኢትዮጵያ በኩል በላዩ ላይ የውሃ ፏፏቴ የሚመስል ጩኸት ሲለቀቅበት ለዓመታት ኖሯል። የዓለም አቀፉ አማተር ሬዲዮ ኅብረት የሞገድ ተቆጣጣሪዎች በወርሃዊ ሪፖርታቸው እየደጋገሙ መዝግበውታል።

«ሁለት መንግሥት በሰው ግቢ ተጣልተው የግቢውን ባለቤት አደነቆሩት» አሉ ጋሼ። «አንደኛው ያለ ቦታው ተናገረ፣ ሌላው ሳያዳምጥ ጮኸ። አንዳቸውም ጥሪ ምልክት አልሰጡም።»

«እነሱ መንግሥት ናቸው ጋሼ!»

«ለዚህ እኮ ነው አማተር ያልተባሉት፤ አማተር ለመሆን ፈተና አለ።»

የቀጠሮ ሰዓት ላይ ደግሞ ጎረምሳው ራሱን በራሱ ተረበ። አዲስ አበባ ላለ ጓደኛው «በ3 ሰዓት እንገናኝ» አለ። የማን 3? በአበሻ አቆጣጠር የአዲስ አበባ ጠዋት 3 ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት 06:00 ነው። ካይሮ በክረምቷ 8 ትላለች፤ እ.ኤ.አ. በ2023 መልሳ ባመጣችው የበጋ ሰዓት ደግሞ 9። ‹3 ሰዓት› የሚለውን ያነበበ ግብፃዊ ከሰዓት በኋላ 3 ብሎ ይጠብቃል። አማተሮች ይህን ጣጣ የገላገሉት ሁሉንም በዓለም አቀፉ ሰዓት በመመዝገብ ነው። ጋሼ ይህን ሲያስረዱት «እኛ 13 ወር ያለን ሕዝብ ነን፤ በሰዓት ማን ሊያሸንፈን?» አለ። «ማንም፤ በሰዓቱ ስለማትገኙ» አሉት።

ወሬውስ ምን ይሁን? የዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ አንቀጽ 25 በተለያዩ አገሮች ባሉ አማተሮች መካከል የሚደረገው ንግግር በአማተር ሬዲዮ ጉዳይና በግል ወግ ላይ እንዲወሰን ያዛል፤ ትርጉሙን ለመሰወር በምስጢር ቋንቋ መናገርም ክልክል ነው። ንግድ የለም። ሐዋላ የለም። ‹ያቺ ዕቃ ደረሰች?› የለም።

«ስለ ዓባይ ግድብ ግን ትንሽ…» አለ ጎረምሳው ዓይኑን እየጨፈነ።

«መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ተጥሎ በ2025 እስኪመረቅ ሁለቱ መንግሥታት ተነጋግረው ያልቋጩትን፣ አንተ በሰው ሪፒተር በሦስት ደቂቃ? ፖለቲካና ሃይማኖት በአየር ላይ አይነሣም። ይህ በሕግ ባይጻፍ እንኳ የእንግዳ ወግ ነው፤ የማንም ሪፒተር የአንተ አይደለም። ባለቤቱ ኤሌክትሪክ ይከፍላል፣ ኢንተርኔት ይከፍላል፣ ዝናብ ሲመታው ተራራ ወጥቶ ይጠግናል። የዚያ ሰፈር ሰው እያወራ ከደረስህ ቆመህ ታዳምጣለህ፤ ሲያልቅ ‹በኢንተርኔት ከእገሌ ከተማ ነኝ› ብለህ ትገባለህ።»

ጎረምሳው በዚህ ጊዜ የመጨረሻ ጥይቱን አወጣ፤ ጥሩ ጥይት ነው፣ ነጥብ ሰጥቼዋለሁ። «እሺ ጋሼ። ኢንተርኔቱ ሲጠፋስ? ሬዲዮ የሚባለው ለክፉ ቀን ነው አይሉም? ኢንተርኔት ላይ ተደግፎ ሬዲዮ ነኝ ማለት በተከራዩት ቤት ባለርስት ነኝ ማለት አይደል?»

ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። ይህቺን አልጠበቋትም።

ጎረምሳው ያነሣው ነገር እዚሁ ካይሮ የታየ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 2011 መጨረሻ፣ ታህሪር አደባባይ ሞልቶ ሳለ፣ መንግሥት የአገሪቱን ኢንተርኔት ከሞላ ጎደል ዘጋው፤ የተመለሰው የካቲት 2 ነው። ሰዎች በመደበኛ ስልክ ወደ ውጭ እየደወሉ ድምፃቸውን ይተዉ ነበር፤ ጎግልና ትዊተር በችኮላ የከፈቱት አገልግሎት ድምፁን በትዊተር ያወጣው ነበር። በእኛም አገር ትግራይ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነቱ ዘመን ከመስመር ተቆርጣ ከርማለች፤ አማራ ክልልም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ሲጠፋበት አይተናል። በእንደዚህ ያለ ቀን ኢኮሊንክም አይ.አር.ኤል.ፒ.ም ሬሳ ናቸው።

«ልክ ነህ» አሉ ጋሼ። «ለዚህ ነው ሊንኩ እንዲበጠስ አድርጎ መሥራት የሚገባው። ኢንተርኔቱ ሲሄድ ሪፒተሩ ለሰፈሩ መሥራቱን መቀጠል አለበት። ከሰፈር ውጭ ደግሞ አጭር ሞገድ አለ፤ በ14 ሜጋኸርዝ ቀን ላይ ከካይሮ አዲስ አበባ ሞገዱ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ከላይ ካለው የአየር ንብርብር ተመልሶ ይወርዳል። ሰርቨር የለም፣ ካርድ የለም፣ መንግሥት ገመዱን አይነቅለውም። ስልክ ላይ ያለችው አፕ የምታስተምርህ ሥነ ሥርዓቱን ነው። ሬዲዮውን የሚያስተምርህ ሬዲዮው ነው።»

«ታዲያ አሁን አፑን ልሰርዘው?»

«ፈቃድ እስክታወጣ ይቀመጥ፤ ስልክህ ላይ ካሉት አፖች ሁሉ የማይዋሽህ እሱ ብቻ ነው። ‹አትችልም› ብሎ ነግሮሃል።»

እትዬ በረካውን ቀዳች፤ ጎረምሳው በረካዋን ጠጥቶ ስልኩን ከፈተ፤ ጋሼ ደግሞ ሰባት ሰዓት ሆኗል ብለው ወረዱ። የማን ሰባት እንደሆነ አልነገሩንም።

ለአንባቢ ልንገር፦ ካይሮ ሆናችሁ እናታችሁን ማነጋገር ብቻ ከፈለጋችሁ ስልክ ደውሉ፤ ካርድም ሙሉ። ሬዲዮውን ከወደዳችሁት ግን ግብፅ ላይ ከቴሌኮም ተቆጣጣሪው ፈቃድ ሳትይዙ አንዳች ቁልፍ አትጫኑ። አገር ቤት ስትገቡ አምስት ኪሎ ያለውን የማኅበሩን ጣቢያ ጠይቁ፤ ትምህርቱም ፈተናውም የሚጀመረው በማዳመጥ ነው።